ቦሎው ይንገርልን

እኔ ነገር ሆዴ ውስጥ የማሳድር ሰው አይደለሁም። መሥሪያ ቤት ያልጣመኝን ነገር አለቃ ተናገረው ብዬ አላልፈውም፤ ታክሲ ላይ ረዳቱ መልስ አልመልስ ሲል ከሁሉ ቀድሞ የሚሰማው የኔ ድምፅ ነው። ታናሽ ወንድሜ «አንቺ እኮ ለጠብ ደመወዝ ቢከፈልሽ ይሄኔ ፎቅ ሠርተሻል» ይለኛል። እንዲህ ሆኜ ግን ለአባቴ አንዲት ነገር መናገር አቅቶኝ ዓመት ሙሉ ውስጥ ውስጡን ነደድኩ። ነገሩ አጭር ነበር፤ «አባባ፣ ዓይንዎ ደክሟል፤ ከእንግዲህ መኪና አይንዱ» ማለት ብቻ።

የማያውቅ ሰው ይሄ ምን ይከብዳል ሊል ይችላል። አባባን ስለማያውቃቸው ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበሩ። እሳቸው ጡረታ በወጡበት ዓመት፣ ሲነዷት የኖሩት ነጭ ቫንም አርጅታ ለጨረታ ቀረበች። ተጫረቱና አሸንፈው እየነዱ ሲግናል ሰፈር፣ ግቢያችን ይዘዋት ገቡ። «አብረን ጡረታ ወጣን» ይሉ ነበር ለጠየቃቸው ሁሉ። እናታችን ካረፈች በኋላ ደግሞ ጠዋት ተነሥተው ጢማቸውን የሚላጩት ለዚያች ቫን ሲሉ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ምጥ የያዛት ሴት ቢሆን፣ ለቀብር የሚሄድ ዘመድ ቢሆን፣ የሠርግ ድስትና ምጣድ የሚያመላልስ ቢሆን፣ ሰው ሁሉ «ጋሼ ይድረሱልን» እያለ የሚመጣው ወደኛ በር ነው። ለነዳጅ የቻለ ይሰጣል፤ ያልቻለም አይጠየቅም።

ከሁሉም የሚበልጥባቸው ግን የማርያም ቀን ነበር። ወር በገባ በሃያ አንድ የሰፈራችንን እናቶች አሳፍረው እንጦጦ ማርያም ያሳልሟቸዋል። በስድስት ኪሎ አድርገው፣ ሽሮ ሜዳን አልፈው፣ ያን ዳገት ቫኗ እያቃሰተች ትወጣዋለች። ቅዳሴው እስኪያልቅ አባባ ብርዱ ላይ ኮታቸውን ቆልፈው ደጀ ሰላሙ አጠገብ ይቆማሉ፤ ከዚያ እናቶቹን አንድ በአንድ እጃቸውን ይዘው ያሳፍራሉ። የዚያን ቀን ማታ እራት ሲበሉ ያስታውቃሉ፤ ወሬ ያበዛሉ፣ ወጥ ይጨመርልኝ ይላሉ።

አንድ ጊዜ ሃያ አንድ ቅዳሜ ዋለና እኔም አብሬያቸው ሄድኩ። ሁልጊዜ ጋቢና የሚቀመጡት ጎረቤታችን እማማ «ዛሬ ከአባትሽ ጎን ተቀመጪ» ብለው ቦታውን ለቀቁልኝ። ስንመለስ ቁልቁለቱ ላይ የባሕር ዛፍ ቅጠል የተሸከመች ሴት በቀኝ በኩል ዳሩን ይዛ ጎንበስ ብላ ትወርዳለች። መንገዱ ሰፊ ነው፤ ከፊት የሚመጣ መኪናም የለም። አባባ ግን ወደ ግራ ፈቀቅ አላሉላትም። ስፖኪዮው ሸክሟን ገጨውና ሴትየዋ ዞራ ቦዩ ውስጥ ዘጭ አለች። ስጮህ ፍሬን ያዙና «ምን ሆንሽ?» አሉኝ። አላዩዋትም። ጨርሶ አላዩዋትም። ዘልዬ ወርጄ ባነሣት ደግነቱ ምንም አልሆነችም። ቅጠሏን ሰበሰበች፤ ከዚያ በመስኮቱ በኩል አባባን ትክ ብላ አየቻቸውና «እግዜር ይማርዎ አባቴ» ብላቸው መንገዷን ቀጠለች። እኔ ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል አልወሰደኝም። ሸክሟ ባይሆን ጭንቅላቷ ቢሆንስ ኖሮ እያልኩ ስገላበጥ አደርኩ።

በማግሥቱ ወንድሜ ጋ ሄድኩ። ወሰን ሰፈር ነው የሚኖረው፤ መምህር ነው።

«አንተ ወንድ ልጅ ነህ፤ ንገራቸው» አልኩት።

«አንቺ ታላቅ ነሽ፤ አንቺ ንገሪያቸው።»

«የንስሐ አባታቸው ይንገሯቸዋ።»

«እሳቸውም እኮ በዚያችው ቫን ነው የሚሄዱት» አለኝ። ሐኪም ቤት እንውሰዳቸው ብንባባልም ለምን እንደምንወስዳቸው ቀድሞ መንገር ሊኖርብን ነው፤ ያው ዞሮ ዞሮ እዚያው ነው። «ዓይንዎ ፈዟል» ማለት ለሾፌር ምን ማለት እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ልጅ ሆነን፣ እሳቸው መሪ ላይ ከተቀመጡ ዓለም ላይ ምንም ክፉ ነገር የሚደርስብን አይመስለንም ነበር።

እንዲህ እየተገፋፋን ዓመት ሊሞላን ሲል ዘዴውን ያመጣው ወንድሜ ነው። የቫኗ ዓመታዊ ምርመራ ደርሶ ነበር። «ጎማዋ ሙልጭ ብሎ አልቋል» አለኝ። «ፍሬኗ ሦስት ጊዜ ካልረገጡት አይዝም፤ የእጅ ፍሬኗማ ስሙ ብቻ ነው። ዘንድሮ በምንም ተአምር ቦሎ አታልፍም። ቦሎ ካላለፈች ደግሞ ቆመች ማለት ነው። እኛ ምን አስጨነቀን? ቦሎው ይንገርልን።»

ሸክም የወረደልኝ ያህል ቀለለኝ። ልጆቻቸው ሳንሆን፣ ዓይናቸውም ሳይነሣ፣ አንድ የማይታወቅ መርማሪ «መኪናዋ አርጅታለች» ይላቸዋል። እሳቸውም የሚያዝኑት በእሷ እንጂ በራሳቸው አይሆንም። ከዚህ የተሻለ መላ ከየት ይመጣል ብዬ ወንድሜን አመስግኜው ተመለስኩ።

ያላሰብነው ሰፈሩን ነበር።

በዚያን ጊዜ አሮጌ መኪና ቦሎ የምትሄደው የሰው ዕቃ ተውሳ ነው። የአንዱ ጎማ ተፈትቶ ለሌላው ይታሰራል። ደኅና እሳት ማጥፊያ ሰፈር ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ቢገኝ ነው፤ እሱኑ በየተራ ይዞሩታል። ምርመራው ባለፈ ማግሥት ሁሉም ወደየቤቱ ይመለሳል፤ መኪናዋም ወደ ድሮ መልኳ። ነውር ነው የሚል አንድ ሰው አልሰማሁም። የእድር ድንኳን እንደመዋስ ነበር የሚታየው። እናም የጋሼ ቫን ቦሎ ደረሰች ሲባል ሰፈሩ ተንቀሳቀሰ።

መጀመሪያ የመጣው ባለታክሲው ጎረቤታችን ነው። የራሱን ሚኒባስ ድንጋይ ላይ አቁሞ፣ የቀን ገቢውን ትቶ፣ አራቱንም ጎማ እያንከባለለ ግቢያችን አስገባቸው። ቀጥሎ ባለሱቁ እሳት ማጥፊያውን ታቅፎ መጣ። የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ዘማሪ የሆነችው ጎረቤታችን እንጦጦ ማርያም ወጥታ አታውቅም፤ አትወጣምም። እሷም እናቷ የታመሙ ጊዜ አባባ ሐኪም ቤት ያመላለሷቸውን አስባ ከመሥሪያ ቤቷ የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን ተውሳ አመጣች። እኔ በረንዳው ላይ ቆሜ አንድ ዕቃ በገባ ቁጥር እበግናለሁ። «ለምን ሞተርም አታውሱንም?» አልኩ አንዴ ሳላስበው። ሁሉም የቀልድ መስሏቸው ሳቁ፤ አባባም ሳቁ።

እሳቸውማ የሠርግ ሰሞን መስለው ነበር። ባምፐሯን ጥቁር ቀለም ቀቡ፤ የዛገውን በአሸዋ ወረቀት ፈገፈጉ፤ መቀመጫዎቹን አውጥተው በሳሙና አጠቡ። ወንድሜን ከኋላ አቁመው መብራቱን ሲሞክሩ «በራ?» ይሉታል፤ «በርቷል አባባ» ይላል እሱም አንገቱን ደፍቶ። «ዘንድሮ ልጆቼም አልቀሩ፣ ረዱኝ» እያሉ ለሰው ሲያወሩ ስሰማ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

የቀረን ፍሬኑ ነበር። ወሰን ወዳለ ጋራዥ አብሬያቸው ሄድኩ፤ አባባ ማዶ ሻይ ቤት እስኪገቡ ጠበቅሁና መካኒኩ ጋ ተጠጋሁ። ቫኗ ሥር ተንጋሎ ጫማው ብቻ ይታያል።

«ስማኝማ» አልኩት፣ «ፍሬኑን ባትሠራውስ?»

ከሥር ተንፏቆ ወጣ። ፊቱ ግራሶ በግራሶ ነው። «እህቴ፣ ፍሬን አትሥራ ነው የምትይኝ? ለዚያውም ለጋሼ?»

«ቦሎ እንድትወድቅ ነው። ዓይናቸው አያይም።»

«አውቃለሁ» አለኝ።

«ታውቃለህ?»

«ባለፈው እዚህ ሲገቡ የጋራዡን የብረት ምሰሶ ገጩት። ምን ነበር ሲሉኝ፣ ምሰሶው ነው የጠመመው፣ ቆይቷል አልኳቸው።»

«ታዲያ ለምን እውነቱን አልነገርካቸውም?»

«እኔ? ልጃቸው ያቃተሽን?» አለኝና መፍቻውን አነሣ። «ደግሞ አስቢበት። የማያይ ሰው ነው ይበልጥ ፍሬን የሚያስፈልገው።» ተመልሶ ቫኗ ሥር ገባ። አዲስ የፍሬን ሸራ አስሮ፣ ዘይት ለውጦ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳይቀር አጥብቆ ሠራው።

ያን ቀን አመሻሽ ላይ እማማ ብቅ አሉ። ቫኗን ዞር ዞር ብለው አዩ፤ አዲስ የተቀባውን ባምፐር ዳሰሱ። አባባ ቤት ውስጥ ጫማቸውን ይቦርሻሉ። ትዕግሥቴ አልቆ ነበር።

«እማማ፣ የሚመጣውን ሃያ አንድ ባይሄዱስ? እዚሁ ቅርብ ቢሳለሙ» አልኳቸው።

ወደ ቤቱ ገልመጥ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ዓይናቸውን ብለሽ ነው ልጄ? እሱን እኛ መች አጣነው።»

«አውቃችሁ ነው የምትሳፈሩት?»

«ታዲያስ። ጋቢና የምቀመጠው ለምን መሰለሽ? በቀኝ ሰው ካለ ‹እመቤቴ በቀኝ ጠብቂን› እላለሁ። በግራ አህያ ከመጣ ‹በግራ ጠብቂን›። ቁልቁለቱ ላይ ሲፈጥኑ ደግሞ ያቺ ከኋላዬ የምትቀመጠው ‹ቀስ አድርገሽ ለቤታችን አብቂን› ትላለች።»

«አባባ አይገባቸውም?»

«ስንጸልይ ነው የሚመስላቸው። አሜን ይላሉ፤ ያን ጊዜ መሪያቸውን ያዞራሉ።» እማማ ወደ ቫኗ ጋቢና ተመለከቱና «ያን ቀን አንቺ ጋቢና ባትቀመጪ ኖሮ ያቺን ሴት አይነኳትም ነበር» አሉኝ፤ ወቀሳ ሳይሆን እንዲያው ለመንገር ያህል።

ሳቄ መጣ፤ ግን አልጨረስኩትም። እኔና ወንድሜ ለብቻችን የያዝነው ምሥጢር ነው ያልነውን ሰፈሩ ሁሉ ተከፋፍሎ ተሸክሞታል። ሁሉም ለአባባ ሲል ይዋሻል። መካኒኩ ምሰሶውን ይወቅሳል፤ እማማ ጸሎት አስመስለው መንገድ ይመራሉ፤ እኛ ደግሞ ነገሩን መርማሪ ላይ እንጥላለን። እሳቸውን ያላከበረ አንድም ሰው አልነበረም። ሌሊቱን ሳስበው ግን ያ ሁሉ አክብሮት ተደማምሮ እሳቸውን ብቻቸውን ያስቀራቸው መሰለኝ፤ ስለ ገዛ ዓይናቸው የሚያወራቸው አንድ ሰው አላገኙም።

የምርመራው ቀን ወንድሜ ክፍል አለኝ ብሎ ቀረ። እኔ ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ወሰድኩ። አባባ ተላጭተው፣ የድሮ የሥራ ኮታቸውን ለብሰው፣ ክራቫት አስረው ወጡ። መገናኛ ያን ጊዜ ለቀለበት መንገዱ ተቆፍሮ አቧራ በአቧራ ነበር፤ ሰውም ጋሪውም በየት በኩል እንደሚመጣ አይታወቅም። እንደ እማማ መጸለይ አልችልበትም። ስለዚህ በቀኝ ጋሪ ሲመጣ «ይሄ ባለጋሪ ደግሞ በቀኝ በኩል ምን ይጋፋል» እያልኩ፣ በግራ ተማሪዎች ሲያቋርጡ «እነዚህ ልጆች በግራ በኩል ምን ያቅበዘብዛቸዋል» እያልኩ መንገዱን ሙሉ ስነጫነጭ ሄድኩ። አባባ «ዛሬ በምን እግርሽ ነው የወጣሽው?» ቢሉኝም መሪያቸውን ጠምዘዝ ያደርጉ ነበር።

ምርመራው ቦታ ስንደርስ ተሰለፍን። ተራችን ሲደርስ ካኪ ጋዋን የለበሰ ወጣት መርማሪ መጣና እኔን ውረጂ አለኝ። በሾፌሩ በር በኩል ቆምኩ። ጎማዎቹን በእግሩ መታ መታ አደረገ፤ ፈገግ አለ። የማን እንደሆኑ ባያውቅም የቫኗ እንዳልሆኑ ገብቶታል። እሳት ማጥፊያውን አየ፣ ሣጥኑን ከፈተ፣ የሞተሩን ቁጥር ከሊብሬው ጋር አስተያየ። ከዚያ ወደፊት ሄዶ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ ራቅ ብሎ ቆመና የግራ እጁን አነሣ። የግራ ፍሬቻ ያብሩ ማለቱ ነው። ከኛ በፊት የነበሩት ሾፌሮች ሁሉ እጁን እያዩ ሲያበሩና ሲያጠፉ አይቻለሁ።

አባባ አላበሩም።

መርማሪው እጁን ከፍ አድርጎ ደገመው። አባባ ሁለት እጃቸውን መሪው ላይ አድርገው ቀጥ ብለው ፊት ለፊት ያያሉ። ሞተሩ ይጮኻል። መርማሪው ምን ሆነዋል በሚል ዓይን አየኝ።

ዝም ካልኩ አበቃ። ዓመት ሙሉ የተመኘሁት ነገር ይኸው፤ ከኔ የሚጠበቀው አፌን መዝጋት ብቻ ነው። ነገር ግን ፊታቸውን አየሁት። አገጫቸውን ቀና አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፈን ከፈት እያደረጉ፣ የሆነ ነገር እንዳለፋቸው ጠርጥረው ግን ምን እንደሆነ ሳያውቁ ይጠብቃሉ። ከኋላ የተሰለፉት ሾፌሮች መስኮታቸውን ዝቅ አድርገው እያዩ ነው። አንዱ ክላክስ ነፋ።

«ግራ ፍሬቻ፣ አባባ» አልኩ በቀስታ።

አበሩ። እጁ ተለወጠ፤ «ቀኝ» አልኩ። ከዚያ «ረጅም መብራት»፣ «መጥረጊያ» እያልኩ እስከ መጨረሻው ሄድን። ፍሬኑን ሲሞክር ግን መርማሪው በቃል ነበር የነገራቸው፤ ወደፊት ነድተው «ይያዙ» ሲላቸው ቫኗ ባለችበት ቀጥ አለች። አዲሷ ቦሎ ተለጠፈች። መርማሪው «መልካም መንገድ ጋሼ» አላቸው።

ከበሩ እንደወጣን አባባ ዳር ይዘው ቆሙና ሞተሩን አጠፉ። ፊታቸውን ወደኔ አላዞሩም።

«ልጁ የት ነበር የቆመው?»

«ከፊትዎ ነበር አባባ። ትንሽ ወደ ቀኝ ብሎ።»

«እጁን እያሳየኝ ነበር?»

«አዎ።»

የሚያልፉት መኪኖች አቧራ በመስኮቱ ይገባል፤ ማናችንም አልዘጋነውም። «የእናቶቹ ጸሎት…» ብለው ጀመሩና አልጨረሱትም።

«አዎ አባባ።»

«ምሰሶውስ? ጠሞ ነበር?»

«አልጠመመም ነበር።»

«ወንድምሽም ያውቃል?»

«ያውቃል።»

«ሰው ሁሉ አውቆት ኖሯል» አሉ። «እኔ ትንሽ ትንሽ ሲጨልምብኝ፣ ማንም አላወቀብኝም ብዬ እፎይ ስል ነበር።» እኔ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ፤ እሳቸው አላለቀሱም። ቁልፉን ነቅለው መዳፌ ላይ አስቀመጡት። ወርደው ኮፈኗን በእጃቸው እየተደገፉ ዞሩና በኔ በኩል በሩን ከፈቱ። መንዳት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ሲግናል እስክንደርስ ግን አንድ ጊዜም ማርሽ ቀይሪ አላሉኝም።

በዚያው ሳምንት እኔና ወንድሜ የዓይን ሐኪም ጋ ወሰድናቸው። አሁን ምንም የምንደብቀው ስላልነበረ መውሰዱ ቀላል ሆነ፤ ያ ራሱ አናደደኝ። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። አገጫቸውን መሣሪያው ላይ አስደግፋ ለረጅም ጊዜ አየቻቸው፤ በጎን በኩል መብራት እያሳየች «ይታይዎታል?» አለቻቸው፤ «አይታየኝም» አሉ ደጋግመው። የዓይን ግፊት ነው አለች። ከዳር ጀምሮ እየበላ ነው የሚመጣው፤ የሄደው አይመለስም፤ የቀረውን በጠብታ ለማቆየት እንሞክራለን አለች። ከዚያ ወደ እኔና ወንድሜ ዞረች።

«ይሄ የአንድ ቀን ነገር አይደለም» አለችን። «ዓመት ቀደም ብላችሁ ብታመጧቸው ኖሮ ብዙውን እናተርፈው ነበር። ቤት ውስጥ ያስተዋለ ሰው አልነበረም?»

ወንድሜ ወለሉን አየ። ያን ጊዜ አባባ ከወንበሩ ላይ ሆነው፣ ድምፁ ወደመጣበት ፊታቸውን አዞሩ።

«ልጆቼን አትቆጫቸው የኔ ልጅ» አሏት። «እነሱ አላወቁም። እኔ ነኝ የደበቅኋቸው።»

ሐኪሟም አመነቻቸውና መድኃኒቱን መጻፍ ጀመረች።